የሮማንወርቅ ጣሳ

ሳህሉ በርበሬ አይበላም። ይህን ከማንም አስበልጣ የምታውቀው ታላቅ እህቱ ሮማንወርቅ ናት። ከእስር ካምፕ ተፈትቶ ሲመጣ ጨጓራው ተልጦ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ አጥሚት በማንኪያ ያጎረሰችው እሷ ናት። ሆኖም በኅዳር አጋማሽ ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ለንደን፣ ኬኒንግተን ድረስ አድርሶ ያስረከበው ዕቃ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት እስከ አፉ በርበሬ።

ሳህሉ አንዴ አስነጠሰውና ክዳኑን መለሰ። ማታውን እህቱ ደወለች።

«ጣሳው ደረሰህ?»

«ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኮ ሮማን፣ እኔ በርበሬ...»

«ለሰው እንዳትሰጥ። እስከ ታች አንተው ጨርሰው።»

«ሆዴን ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም። እስከ ታች አልኩህ፣ እስከ ታች። በል ስልኩ ይቆጥራል።» ዘጋችው።

ስልኩን አስቀመጠ። ሮማንወርቅ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። «እርጅና መጣባት» አለ በሆዱ፤ አዘነም። ጣሳውን አልጋው ሥር ገፋው።

ሳህሉ ልብስ ሰፊ ነበር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ በሰፈሩ ጣቢያ ታዛቢ ሆኖ ኮሮጆ ሲጠብቅ አደረ፤ ከዚያ ሌላ ፖለቲካ አያውቅም። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ከሱቁ አውጥተው በጭነት መኪና ጫኑትና በረሃ ውስጥ ካለ ካምፕ አወረዱት። አራት ወር ቆየ። በየቀኑ ያየውን በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ማን መጣ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። ሲፈታ ወረቀቶቹን በኮቱ አንገትጌ ውስጥ ሰፍቶ ወጣ። የፈተሸው ወታደር ኮቱን ይዞ አራገፈው እንጂ ስፌቱን አላየም። በሱዳን በኩል አገር ጥሎ ሲሄድ ወረቀቶቹን ለሮማንወርቅ ሰጣት። «ክፉ ቀን ከመጣ አቃጥይው» አላት።

ለንደን ገብቶ ጥገኝነት ሲጠይቅ የመጀመሪያው መልስ እምቢ ሆነ። ታስረህ ስለመቆየትህ ማስረጃ የለም ተባለ። ያኔ ለእህቱ ደውሎ ስለ ወረቀቱ ጠየቃት። «የምን ወረቀት? ድሮ አቃጠልኩት» አለችና ዘጋች። ሳህሉም አልተቀየመም። አቃጥይ ያላት ራሱ ነው።

አሁን ይግባኙ ጥር መጀመሪያ ላይ፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ባለው ሳምንት ሊሰማ ተቀጥሯል። ጠበቃው ወጣት ነው፤ አይዋሽም። «ሚስተር ሳህሉ፣ ካለፈው የተለየ አንድ ነገር ካልያዝን ከባድ ነው» ብሎታል። ካልሆነለት ወደ መጣበት ይመልሱታል። ይህን እያወቀ ነው ሌሊት የሚተኛው፤ እያወቀ ነው የሚነሣው።

የታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ ሲል ሳህሉ ተሳለ። ፍርዱን አቃናልኝ ብሎ ነው። የገብርኤል ማኅበር ዝክር በዚያ ዓመት ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ከሚገኘው ከወይዘሮ ጌጤነሽ ቤት ነበር። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። ሳህሉ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ አልጋ፣ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ የሰው ልብስ የሚጠግንባት መርፌና ክር። ከዚያ ጣሳው ትዝ አለው። ለሰው እንዳትሰጥ ብላለች። ገብርኤል ደግሞ ሰው አይደለም። ክብረ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጣሳውን በፌስታል ይዞ ሄደና ሰጠ።

ጌጤነሽ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። «ኧረ የማን እጅ ነው! ይሄስ ነጋዴ ወፍጮ ላይ ያስፈጨው አይደለም። ገብርኤል ይቀበልዎት ጋሽ ሳህሉ።»

«አሜን» አለ። ቀለል አለው።

ከሳህሉ ክፍል ፊት ለፊት ሉዝ የምትባል ፊሊፒናዊት ትኖራለች። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። ሙሉ ስሟ ረጅም ነው፤ የአገሯን ሦስት የደሴት ክፍሎች ስም በአንድ ላይ ቀጣጥለው ያወጡላት ስም ነው አለችው፤ እሱ ግን እንደ ሰዉ ሁሉ ሉዝ ይላታል። እሷም «ኩያ» ትለዋለች፤ በአገሯ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። የሥራ ልብሷ ሲቀደድ ይሰፋላታል፤ ሩዝ ስትቀቅል ታመጣለታለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይግባባሉ፤ የሁለቱም ስብርባሪ ይገጥማል።

የገብርኤል ዕለት ጠዋት ሉዝ ሰፊ ጥብጣብ ይዛ መጣች፤ ጠርዙ ተተርትሯል። «ነገ የጀግናችን ቀን ነው። አበባው ላይ የምናስረው ነው። ትሰፋልኛለህ?»

ሰፋላት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድም ክር የማይታይበት አድርጎ መለሰላት።

«ይሄንንማ አንተው ራስህ ታስረዋለህ። ከእኔ ጋር ትመጣለህ» አለችው።

«ቤተ ክርስቲያን አለብኝ።»

«ከሰዓት ነው። ፍርድ ቤትህን እያሰብክ ግድግዳ ከምታይ ከእኔ ጋር ውጣ።»

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ በር ላይ ጠበቀችው። ኬኒንግተን ላይ ባቡር ተሳፍረው ቾክ ፋርም ወረዱ፤ ድልድይ ተሻግረው በቀለም ያሸበረቁ ቤቶች ወዳሉበት ጠመዝማዛ መንገድ ገቡ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ፊሊፒናውያን አንድ ደጃፍ ላይ ተሰብስበዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አብዛኞቹም ከካፖርታቸው ሥር የሥራ ልብስ የለበሱ። ግድግዳው ላይ ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፏል።

ሳህሉ ሐውልት ጠብቆ ነበር። «ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ሰው ይኖርበታል እኮ።»

«ይኖርበታል እንጂ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሲያዩን አላየህም? በየዓመቱ ያዩናል።»

«ጄኔራል ነበር?»

«ሐኪም ነበር። የዓይን ሐኪም።»

«ስንት ጦር መርቷል?»

«አንድም።»

ሳህሉ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። ጦር ያልመራ ጀግና አጋጥሞት አያውቅም። ጥብጣቡን ከአበባው ጋር አሰረ፤ ሴቶቹ ጸለዩ፤ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ሉዝ በሙቀት ማቆያ ያመጣችውን ሻይ ቀዳችለትና አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ምን አደረገ ታዲያ?» አለ ሳህሉ።

«ጻፈ። ገዥዎቻችን ስፔኖች የሚያደርጉትን፣ ቄሶቻቸው የሚያደርጉትን ጻፈ። መጽሐፉ የተገኘበት ሰው ይታሰር ነበር። አገሩ መቀመጥ ሲያቅተው እዚህ መጣ። አሥር ወር ያህል ኖረ። በየቀኑ ወደ ትልቁ ሙዚየም በእግሩ እየሄደ ስለ አገራችን የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ በእጁ ገለበጠ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

«ለምን?»

«እኛ ከመምጣታችን በፊት እናንተ ምንም አልነበራችሁም ይሉን ነበራ። ነበርን ብሎ ለማሳየት ነው።»

ሳህሉ ሻዩን ጎንጨት አለ። የሚገለብጥ ሰው ይገባዋል። በካምፑም ወረቀት ሲበላሽበት ይገለብጥ ነበር።

«ከዚያስ?»

«አገሩ ተመለሰ። ሩቅ ቦታ አጋዙት። እዚያም ዝም አላለም፤ ዓይን አከመ፣ ልጆች አስተማረ፣ ለከተማዋ ውሃ በቦይ አስገባ። በመጨረሻ ከሰሱት። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ በዚሁ ቀን ጠዋት በጥይት ገደሉት። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር።» ሉዝ ኩባያዋን በሁለት እጇ ያዘች። «በዋዜማው ቤተ ሰቡ ሊሰናበቱት መጡ። ለእህቱ ትንሽዬ በአልኮል የምትነድ ምድጃ ሰጣት። ጠባቂዎቹ እንዳይገባቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ በጆሮዋ፣ ውስጡ ነገር አለ አላት። ቤት ወስደው ሲፈትሹት ግጥም ተገኘበት። በቀጭን ወረቀት ላይ፣ በደቃቅ ጽሑፍ። የመጨረሻ ቃሉ ነው። ዛሬ ልጆቻችን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል።»

«ጠባቂዎቹ ምድጃውን አላዩትም?»

«አዩታ! ግን ምድጃ ነው። ምድጃን ማን ይጠረጥራል?» ሳቅ አለች። «እኔ ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር ይገርመኝ ነበር ኩያ። ቢነግራትም ባይነግራትም እኮ ሊገባት ይገባል። ነገ የሚሞት ሰው፣ ምድጃ ምን ይሠራላታል ብሎ ለእህቱ ይሰጣል?»

ሳህሉ ሊጠጣ ያነሣው ኩባያ አፉ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

«ጨጓራው ለተላጠ ሰው በርበሬ ምን ይሠራለታል ብላ ትልካለች?» አለ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ።

«ምን አልክ?»

እስከ ታች አልኩህ፣ እስከ ታች። ያረጀችው ሮማንወርቅ አይደለችም። ያረጀው እሱ ነው። አቃጠልኩት ያለችውም ለእሱ ሳይሆን ስልኩን ለሚያዳምጥ ጆሮ ነበር።

«እህቴ» አለ። «ጣሳው። ውስጡ ነገር አለ።»

ኩባያውን እጇ ላይ አስቀምጦላት መራመድ ጀመረ። ሉዝ ሻዩን ደፍታ እየሮጠች ተከተለችው። በባቡሩ ውስጥ አልተቀመጠም። በየጣቢያው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ከንፈሩን ይነክሳል። ሉዝ ነገሩን ቀስ በቀስ ከአፉ አወጣችው፤ ሲገባት እሷም ተነሥታ ቆመች።

ጌጤነሽ የምትኖርበት ሕንጻ ሊፈርስ ነው ተብሎ ግማሹ ነዋሪ ለቋል። በየኮሪደሩ የተጣለ ፍራሽና ወንበር ተደርድሯል። ሳህሉ ያንን ሲያይ እርምጃውን አፈጠነ። ሰው ቤት ሲለቅ መጀመሪያ የሚጥለው ባዶ ጣሳ ነው።

በሩን የከፈተችው እዚሁ የተወለደችው የጌጤነሽ ልጅ ዲና ናት። «ጋሼ፣ አር ዩ ኦኬ? ማሚ! ጋሽ ሳህሉ መጥተዋል፤ ልክ አይመስሉም!»

ጌጤነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «ምነው፣ ጅብ ያባረረዎት መሰሉ? ይግቡ እንጂ። ይቺስ ማን ናት?»

«ጣሳው የት አለ?»

«የቱ ጣሳ?»

«የበርበሬው።»

«ውይ ጋሽ ሳህሉ! ስለት ይመለሳል እንዴ? ትናንት ስልሳ ሰው በልቶ መርቆዎታል። ገብርኤል ይታዘብዎታል!»

«በርበሬውን አይደለም። ባዶ ጣሳውን ነው።»

ጌጤነሽ ልጇን አየች፤ ሉዝን አየች፤ መልሳ እሱን አየች። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የጨነቀው ቆርቆሮ ሲፈልግ ግን አሁን ገና ማየቴ ነው።»

«ማሚ፣ ቢን ውስጥ የጣልነው ነው እኮ» አለች ዲና። «ትናንት ጠዋት። ትልቁን ጣሳ።»

ሳህሉ ወደ ቆሻሻው ሊወርድ ወደ በሩ ዞረ።

«ዝም በይ አንቺ! ያ የዘይቱ ነው። የወተት ጣሳ ደግሞ ይጣላል? ክዳኑ እንዲህ ግጥም የሚል ጣሳ? አንቺ አገር ስለማታውቂ ነው።» ወደ ወጥ ቤቱ መራቻቸው። «በርበሬውን የዚያኑ ዕለት ነው ወደ ማስቀመጫዬ የገለበጥኩት። ጣሳው ይኸው።»

መስኮቱ ሥር ነበር። እስከ አንገቱ አፈር ሞልቶበታል፤ ከአፈሩ መካከል አንድ ቀጭን የጤና አዳም ቅርንጫፍ ብቅ ብሏል። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል።

«አልታየሽ የምትባል ማኅበርተኛችን ናት ከአርችዌይ ሰፈር ያመጣችልኝ። ብዙ ሰው እኮ ጤና አዳም ይፈልጋል» አለች ጌጤነሽ። «ጣሳው ግን የጉድ ነው። ውሃ እንዲያሾልክ ታቹን በምስማር ልበሳው ብል፣ ጠቅ ብሎ ገባና ለስላሳ ነገር ያዘው። በታች በኩል አልወጣልኝም። ወይ የዘመኑ ፋብሪካ ብዬ ተውኩት።»

«ውሃ አጠጣሽው?»

«ተክል ነዋ! ሦስት ቀኔ ነው ሳጠጣው።»

ሳህሉ ወደ ጣሳው ጎንበስ አለ። ጌጤነሽ ፊቱን አይታ ቀልዷን አቆመች። ጤና አዳሙን ከነአፈሩ በሁለት እጇ አውጥታ ድስት ውስጥ አስቀመጠችው። ሳህሉ ጣሳውን ገልብጦ ታቹን በጣቱ መታው። ድምፁ ድፍን ነበር። በዙሪያው የሄደውን የብየዳ መስመር ያን ጊዜ አየው፤ ታቹ ድርብ ነው፤ የመርካቶ ቆርቆሮ ሠራተኛ እጅ ነው፤ ንጹሕ ሥራ። ልብስ ሰፊ ሆኖ እንዴት ስፌቱን ሳያይ ቀረ? ያ ኮቱን ያራገፈ ወታደር ትዝ አለው።

በቢላዋ ጫፍ ዙሪያውን ፈለቀቀው። ውስጡ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በጧፍ ሰም የታሸገ ጥቅል ነበር። ምስማሩ መሐሉን ወግቶታል፤ በዚያ ቀዳዳ ውሃ ገብቷል። ሳህሉ ጥቅሉን ስፌት ሲተረትር እንደሚያደርገው አድርጎ ፈታው። አርባ አንድ የሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች። ጠርዛቸው ርሷል፤ የእያንዳንዳቸው መሐል ተበስቷል። ጽሑፉ ግን አለ። እርሳስ ውሃ አይፈራም።

«ምን ይላል?» አለች ዲና። ፊደል አልተማረችም።

ሳህሉ የላይኛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበ። «ኅዳር 3 ቀን 98። ከመኪናው የወረድን አርባ ስድስት ነን። ከጎኔ የተኛው መርዕድ ይባላል፤ አናጢ ነው። ውሃ በቀን አንድ ጊዜ።»

ጌጤነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«መርዕድ አሁን የት ነው ያለው?» ዲና ናት።

«አላውቅም» አለ ሳህሉ። ወረቀቱን በጣቱ ነካ። «እዚህ ግን አለ።»

ሉዝ አማርኛ አይገባትም። ቢሆንም ወንበር ስባ ተቀመጠችና በእንባ መካከል ሳቀች። «ምድጃ» አለች። «ምድጃ፣ ምድጃ!»

ሳህሉ ከዚያው ቤት ሆኖ አዲስ አበባ ደወለ። ጌጤነሽ ስልኩን ራሷ ነበር የሰጠችው።

«አቤት» አለች ሮማንወርቅ።

«ሳህሉ ነኝ። በርበሬውን እስከ ታች ጨረስኩት።»

ሮማንወርቅ በሩን ዘግታ ስትመለስ ተሰማው።

«አሁን ነው የጨረስከው? ወር አልፎት?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ሳቅም አለ። «በልጅነትህም ምግብ ላይ ፈዛዛ ነበርክ። ሆድህን እንዴት አደረገህ?»

«ተሻለኝ።»

«ተመስገን» አለች። «በል ስልኩ ይቆጥራል።»

ጠበቃው በበዓል ምክንያት ተዘግቶ የቆየው ቢሮ በተከፈተ ቀን ወረቀቶቹን አየ። አንዱን አነሣ፤ ሌላውን አነሣ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ሲሞክር ግን የወረቀቱ ብርማ ጀርባ ሁሉን ጥቁር አደረገው፤ አስተርጓሚውም ደቃቁን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በጥራት የሚገለብጥ ሰው ይፈለጋል ተባለ። ሳህሉ ደብተር ገዝቶ ክፍሉ ገባ። አራት ቀን ተቀምጦ፣ አርባ አንዱንም ወረቀት ፊደል ሳይጨምር ፊደል ሳይቀንስ ገለበጠ። የሞቱት ጋ ሲደርስ እርሳሱን ያስቀምጥና ያማትባል። ከዚያ ይቀጥላል።

ሉዝ ሩዝ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ይኸው አንተም እንደ እሱ ሆንክ።»

«እሱ መጽሐፍ ነው የገለበጠው። እኔ የሲጋራ ወረቀት።»

«ታዲያ አንተ የገለበጥከው የራስህን ነው። ትበልጠዋለህ።»

«በይ ሂጂ፣ እንዳትሳለቂብኝ» አለ። ግን ፈገግ አለ።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ዋናዎቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ አገላበጡ። አንዱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት የምስማሩ ቀዳዳ ታየ። ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሳህሉ በአስተርጓሚ በኩል፣ «ጤና አዳም ተተክሎበት ነበር» ሲል መለሰ። አስተርጓሚው ግራ ገብቶት ሁለት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ ሳህሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ከእህቱ ስልክ ጀምሮ ተናገረ። ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሰሙት። ባለፈው ጊዜ እንዲህ የሰማው አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት የፊሊፒኖች ጀግና ቀን ማክሰኞ ዋለ። ሳህሉ የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ልብስ ከሚያስተካክልበት ሱቅ ግማሽ ቀን አስፈቅዶ ሄደ። ወረፋ የሚጠብቅ ሱሪና ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ ነበር፤ ባለ ሱቁ አጉረመረመ፤ ለቀቀው።

ሴቶቹ እንዳለፈው ሰማያዊው ሰሌዳ ሥር ተሰብስበዋል። ሳህሉ ከካፖርቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ከአበቦቹ መካከል ሰካ። ጌጤነሽ ከጓሮዋ ቆርጣ የሰጠችው ጤና አዳም ነው፤ አዲሱ ቤቷ ትንሽ ጓሮ አለው።

ሉዝ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ኩያ? ሣር ነው ለጀግናችን ያመጣኸው?»

«አሽትቺው» አላት።

አሸተተች። ዓይኗን ጨፍና እንደገና አሸተተች። ከዚያ ጫፉን ቆንጥራ የሥራ ልብሷ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተች።